ሚሲዮን በአርሲ ደጋ፦ በምእመን ቁጥር የማይለካ ታሪክ

የውጭ ሚሲዮናውያን ለኦሮሞ ሕዝብ ወንጌል ለመስበክ የተነሡት አርሲን ከማየታቸው ብዙ ቀደም ብለው ነው። ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከ1839 እስከ 1842 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋ ተቀምጦ ኦሮምኛ ተማረ፤ የወንጌል ክፍሎችንም መተርጎም ጀመረ። ካቶሊካዊው ጉልየልሞ ማሳያ በ1846 ተሹሞ በጉድሩና በከፋ ካስተማረ በኋላ በ1879 በአጼ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ከአገር ወጣ። የኦሮሞ ተወላጁ ኦኔሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት የተረጎመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። ከእነዚህ አንዳቸውም ግን በአርሲው የጭላሎ ተራራ ግርጌ አልሰፈሩም።

ወደ አርሲ ደጋ ክርስትና በስፋት የገባው በሌላ መንገድ ነው። ከዓመታት ውጊያ በኋላ በ1886 አገሩ በምኒልክ የጦር መሪ በራስ ዳርጌ እጅ ወደቀ። መሬቱ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ተከፈለ፤ ባላገሩም በአባቱ ርስት ላይ ገባር ሆነ። በገባሩ ዓይን ታቦቱና ግብሩ አብረው የመጡ ነበሩ። በዚያው ዘመን በባሌ የሼህ ሁሴን መካነ መቃብር የሚሳለመው ሕዝብ እየበዛ፣ እስልምናም በአርሲ ኦሮሞ መካከል እየጠለቀ ሄደ። ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች ይህን ከሽንፈቱ ጋር ያያይዙታል፤ እስልምና ከገዢው የተለየ ማንነትን ማቆያ ሆኗልና። ማስረጃው ጠንካራ ነው፤ ይሁን እንጂ ሼህ ሁሴን ከምኒልክ ዘመቻ በብዙ መቶ ዓመታት እንደሚቀድም መዘንጋት የለበትም።

በደቡብ ኢትዮጵያ ሰፊ ሥራ የሠራው የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን መነሻው ምዕራብ አፍሪካ ነው። በ1893 ሦስት ወጣቶች ሌጎስ ገቡ፤ ጋውንስና ኬንት በዓመቱ በበሽታ ሞቱ፣ ቢንገም ብቻ ተረፈ። ድርጅቱ በናይጄሪያ ሥር ከሰደደ በኋላ በ1927 ማብቂያ በሐኪሙ ቶማስ ላምቢ መሪነት ኢትዮጵያ ደረሰ፤ በዓመቱም ወደ ወላይታ፣ ሆሳዕናና ሲዳማ ዘለቀ። ጣሊያን በ1937 ሚሲዮናውያኑን ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት 48 ነበሩ። ሲመለሱ ግን፣ እንደ ራሳቸው ዘገባ፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። አርሲ እንዲህ ያለ ታሪክ የላትም። የወላይታ ገበሬም በምኒልክ ዘመቻ ድል የተነሣና ገባር የሆነ ነበር፤ ስለዚህ ልዩነቱን ጭቆናው ብቻውን አያስረዳም። የአርሲ ገበሬ የሚጠጋበት፣ የራሱ ያደረገው ሌላ ታላቅ ሃይማኖት ነበረው።

የ1944ቱ የሚሲዮን ደንብ አገሩን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልልና ክፍት ክልል ብሎ ለየ፤ የማስተማሪያ ቋንቋውም አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። ኦሮምኛ ለሚናገር ሕዝብ ይህ ከባድ እንቅፋት ነበር፤ ኦኔሲሞስ የደከመበት ትርጉም በትምህርት ቤት ቦታ አጣ።

ሚሲዮን በአርሲ ምድር የታወቀው በሕክምና ነው። የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን በሻሸመኔ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ተቀበለ። በጋምቦ ደግሞ በካቶሊኮች የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ማእከል በኮንሶላታ ሚሲዮናውያን እጅ ለአካባቢው ሁሉ የሚያገለግል ሆስፒታል ሆነ፤ ከታካሚዎቹም እጅግ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ቤተሰብ ያገለለውን ሕመምተኛ ሃይማኖቱን ሳይጠይቁ ማስታመም ከስብከት የሚያንስ ሥራ አይደለም። በአሰላም ከ1967 ጀምሮ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ በስዊድን መንግሥት እርዳታ ሲሠራ፣ ስዊድን ኢትዮጵያን ለመቶ ዓመት ያህል በሚሲዮኖቿ በኩል ስታውቅ ኖራ ነበር።

የ1975ቱ የመሬት አዋጅ የገባርነትን ሥርዓት ሲያፈርስ በመስቀልና በግብር መካከል የነበረው ትስስርም ተቆረጠ። ግን ደርግ ወዲያው በአብያተ ክርስቲያናት ላይ ተነሣ፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 ታፍነው ተገደሉ። ካቶሊኮች በ1980 አርሲን የሚያካትተውን የመቂ ሐዋርያዊ ግዛት አቋቋሙ።

የጉስታቭ አሬን የ1978 ጥናትን የመሰሉ ሥራዎች ትኩረታቸው ኤርትራና ወለጋ ላይ ነው፤ ምእመን የበዛበትን ቦታ መከተል የዘርፉ ልማድ ሆኗል። የአርሲ ታሪክ በዚህ ሚዛን አይገኝም። የጋምቦና የሻሸመኔ የሕክምና መዛግብት፣ የታካሚዎችና የሙስሊም ሽማግሌዎች ቃልም፣ ባለታሪኮቹ በሕይወት ሳሉ ሊሰበሰብ ይገባል።