ከገዳሪፍ የሚሻገር አደራ

ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ላይ የሞተ ኢትዮጵያዊ የቀን ሠራተኛ ሀብቱ ያለው በሰው እጅ ነው። ለአረምና ለአጨዳ ከአርማጭሆ፣ ከቋራ፣ ከበለሳ ወርዶ የሠራበትን ገንዘብ ባለሱቅ ዘንድ ያስቀምጣል፣ ለአገሩ ልጅ ያበድራል፣ ወይም ከእርሻው ጌታ ሳይቀበል ያቆየዋል። ስለዚህ እኛ የእድር ሰዎች ኑዛዜ ለማስፈጸም ስንጠራ ከማከፋፈሉ በፊት ብዙ ለቀማ አለብን።

የሟችን ሻንጣ ብቻዬን አልከፍትም። ሸራ ይነጠፋል፤ አብሮት ይሠራ የነበረ ሰው፣ ከእድሩ አንድ ሰው፣ ዘመድ ከተገኘም ዘመድ ተቀምጦ እያየ ዕቃው አንድ በአንድ ይወጣል። ጋቢ፣ ራዲዮ፣ የላስቲክ ጫማ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር። ትልቁ ነገር ደብተሩ ነው። በአንዱ ሟች ደብተር ላይ የሰዎች ስም ብቻ ተጽፎ ከየስሙ ጎን ጭረት ተደርድሮ አገኘን። የሥራ ቀን ነው ያሉ ነበሩ፣ የማሽላ ጆንያ ነው ያሉም ነበሩ። ስማቸው የተጻፈውን እየዞርን ስንጠይቅ አንድ ሱዳናዊ ባለሱቅ የራሱን መዝገብ አወጣ፣ ከደብተሩም ጋር አስተያየነው። ከባለሱቁ ስም ጎን ያለው እያንዳንዱ ጭረት ሟቹ እሱ ዘንድ ያስቀመጠው ገንዘብ ነበር። ባለሱቁ ዝም ቢል ኖሮ የሚጠይቀው አልነበረም። ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጠን፣ እኛም ፈርመን ተቀበልን።

ከዚያ ዕዳው ይቀድማል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቅደም ተከተሉን አስቀምጦታል፤ መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ውርሱን የማጣራቱ ወጪ፣ ቀጥሎ የሟች ዕዳ፣ ከዚያ የቀለብ ዕዳ፣ በኑዛዜ ለየሰዉ የተሰጠው ስጦታ የሚከፈለው በመጨረሻ ነው። ቤተሰብ ይህን መስማት ይከብደዋል። እናት ልጇ ተዝካሩ እንዲወጣለት ትፈልጋለች፣ እኔም አልፈርድባትም፤ ግን በምግብ ቤቷ በዱቤ ያበላችው ሴት ሳይከፈላት ከሟች ገንዘብ ተዝካር እንዲደገስ አልፈቅድም። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ደግሞ ሼኩን እንጠራለን፤ በሸሪዓው ከዕዳ ከተረፈው በኑዛዜ የሚሰጠው ከሲሶ አይበልጥም፣ ቀሪው በድርሻ ለወራሾች ነው።

የሚያስጨንቀኝ የቃል ኑዛዜው ነው። ታሞ የተኛ ልጅ እጄን ይዞ፣ «አያ፣ ነገሬን እርስዎ ይጨርሱልኝ፤ ገንዘቤ ለእህቴ ነው» ይላል። የሰሙት ሁሉ ያለቅሳሉ፣ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። በሕጉ ግን የቃል ኑዛዜ በሁለት ምስክር ፊት ተነግሮም ቢሆን የሚችለው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ቀብር ማዘዝ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚት መሰየም፣ እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ያልበለጡ ስጦታዎች መስጠት። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ያም ቀሪ ይሆናል። አምስት መቶ ብር በ1952 ዓ.ም. ገንዘብ ነበር። ዛሬ የአንድ ወቅት የሰሊጥ አጨዳ ደሞዝ በዚያ ልክ አይሰፈርም። ስለዚህ «እርስዎ ይጨርሱልኝ» የተባልኩት ሰው ጎንደር ፍርድ ቤት ስቆም አደራ ያዥና ምስክር ነኝ እንጂ ውርስ አጣሪ አይደለሁም። የወራሽነት ማስረጃ ይዞ ለመጣው፣ ወይም ፍርድ ቤት ለሾመው አጣሪ አስረክቤ ደረሰኝ እቀበላለሁ። እህቱ ስሟ ከወራሾቹ ዝርዝር ከሌለ የወንድሟ ቃል ብቻውን ከአምስት መቶ ብር በላይ አያበላትም።

የሱዳን ጦርነት ደግሞ ሥራውን አክብዶታል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ባለሱቁም ባለዕዳውም ቦታ ይለቃል፤ ዛሬ ያገኘሁትን ሰው ነገ ላላገኘው እችላለሁ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ገዳሪፍን ጨምሮ በጦር ሠራዊቱ እጅ ባሉ ግዛቶች የድሮዎቹ የ500 እና የ1,000 የሱዳን ፓውንድ ኖቶች በባንክ በኩል በአዲስ እንዲለወጡ ታዘዘ፣ የተሰጠው ጊዜም አጭር ነበር። የሟች ገንዘብ ፍራሽ ሥር ያስቀመጠ አደራ ያዥ ያ ጊዜ ካለፈበት ለወራሾች ወረቀት ነው የሚያስረክበው። አደራ መጠበቅ ማለት ገንዘቡን አለመንካት ብቻ የሚመስላቸው ይህን ያስቡበት። መተማ ላይ ወደ ብር ሲመነዘርም ቀኑን፣ ምንዛሪውንና የመነዘረውን ሰው እጽፋለሁ፤ የብሩ ምንዛሪ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከወር በኋላ የሚጠይቀኝ ወንድም በዚያ ቀን ዋጋ እንጂ በዛሬው እንዳይመዝነኝ።

ወደ ገዳሪፍ የምትወርዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ጤነኛ ሳላችሁ ኑዛዜያችሁን ጻፉ። መጻፍ የማይችል ለሌላ ሰው ነግሮ ማስጻፍ ይችላል፤ ዲያቆን ቢሆን መምህር ቢሆን ይበቃል። በእናንተና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብ፤ መነበቡም ቀኑም ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ እናንተም አራቱም ፈርሙበት። ከገንዘቡ የሚደርሰው ሰው ምስክር አይሁን። አጣሪ አድርጋችሁ የምትሾሙትን ሰው በስም ጥሩ፤ ማን ዘንድ ምን ያህል እንዳላችሁ፣ የማን ዕዳ እንዳለባችሁም አስፍሩ። አንዱን ቅጂ ለቤተሰብ ላኩ፣ አንዱን እድሩ ጋ አስቀምጡ።