ባሩ አለ፤ አሳላፊው የለም

ድሮ ሰው አዲስ ቤት ሲሠራ «እንኳን ደስ ያለህ» ልንለው ስንሄድ የምንጠይቀው ስለ ውሃው፣ ስለ ሰርቪሱና ስለ አጥሩ ነበር። አሁን ባለቤቱ ራሱ ይቀድመንና ወደ ሳሎኑ ጥግ እየመራ «ይኼ ደግሞ ባሩ ነው» ይለናል። እውነትም ባር ነው። እብነ በረድ የለበሰ ባንኮኒ፣ ከኋላው መስታወት፣ በመስታወቱ ዙሪያ ሰማያዊ መብራት፣ ከፊቱ ደግሞ ማንም ተቀምጦባቸው የማያውቅ ሦስት ረጃጅም ወንበሮች። መደርደሪያው ላይ ጠርሙሶቹ እንደ ክብር ዘበኛ ተሰልፈዋል። ይኼኛው ከዱባይ የመጣ ነው፣ ያኛውን ዋሽንግተን ያለችው እህት ናት ያመጣችው፣ ጥቁሩ ደግሞ ለልጁ ሠርግ የሚጠበቅ ነው። የብዙዎቹ ክዳን አልተከፈተም። የሚከፈትም አይመስልም።

አቅሙ ያለው ሰው ሳሎኑ ውስጥ ባር ቢሠራ ምቀኝነት የለብኝም። መጠጥ አትጠጡ ብዬ ለመስበክም አልተነሣሁም፤ በደንብ የተሠራ መጠጥ ሲገኝ ደስ ይለኛል። ግን ስለ ቲያትር የሚጽፍ ሰው መድረኩ አምሮ ተዋናይ ሲያጣበት ዝም እንደማይል ሁሉ፣ እኔም ስለነዚህ የሳሎን ባሮች አንድ ነገር መጠየቅ አምሮኛል። ለመሆኑ አሳላፊው የታል?

እስቲ ከነገሩ መነሻ እንጀምር። ኮክቴል ምን ማለት እንደሆነ በጽሑፍ ተብራርቶ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1806 በኒውዮርክ ግዛት ይታተም በነበረ አንድ ጋዜጣ ላይ ነው። ጋዜጣው ለአንድ አንባቢ ጥያቄ ሲመልስ፣ ከጠንካራ መጠጥ፣ ከስኳር፣ ከውሃና ከመራራ ቅመም የሚሠራ ነው አለ። አራት ነገር ብቻ! እ.ኤ.አ. በ1862 ደግሞ ጄሪ ቶማስ የተባለ አሜሪካዊ ቀጂ የሚያውቀውን ሁሉ ከነመጠኑ በመጽሐፍ አወጣው። ከ1920 እስከ 1933 አሜሪካ መጠጥ መሥራትንና መሸጥን በሕግ ስትከለክል ሕጋዊ መጠጥ ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙ ጠጪም መጠጡን እቤቱ አስገባ። በጓዳ ተሠርቶ የሚሸጠውን የጂን ክርፋት ለመሸፈን ሎሚና ማር ይጨመርበት ነበር ይባላል።

ልብ በሉ፤ የዚያን ዘመን የፈረንጅ የቤት ባር ችግር የወለደው ነው። እጁ ላይ የገባውን መናኛ መጠጥ ለእንግዳው የሚቀርብ ለማድረግ የተጨነቀ ሰው ፈጠራ ነው። በእኛዎቹ ባሮች ግን የተጨነቀው አናጢው ብቻ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወዳጄ ለቤት ምርቃት ጠርቶኝ ነበር። የሃያ አራት ዓመት ልጁ ከባንኮኒው ጀርባ ቆመና «ኮክቴል ልሥራላችሁ» አለን። ደስ አለን። ረጃጅም ብርጭቆዎች ደረደረ። ጂን ገለበጠ፤ በላዩ ቮድካ፤ በላዩ አንድ ሰማያዊ ጣፋጭ ሊከር፤ በላዩ ኃይል ሰጪ የሚሉት መጠጥ። መስፈሪያ የለ፣ ሎሚ የለ፣ ቀምሶ ማየት የለ። በረዶው ሁለት ሁለት ፍሬ ሲሆን ፍሪጁ ውስጥ ምን ምን እንዳለ በሽታው ይናገራል። ቀለሙ ግን ለፎቶ ያምር ነበር፤ ፎቶም ተነሣ። አንዴ ተጎንጭቼ ብርጭቆዬን ከአበባ ማስቀመጫው ጀርባ ላስቀምጥ ዞር ስል፣ ሁለት ብርጭቆዎች ቀድመውኝ እዚያ ደርሰዋል።

በዚያው ሰዓት የወዳጄ እናት ከጓሮ፣ ከሰርቪሱ በኩል፣ በፕላስቲክ ጆግ ጠጅ ይዘው ብቅ አሉ። ወደ ባሩ አልቀረቡም። በሩ አጠገብ የተቀመጡትን ዘመዶች ነበር የሚያስተናግዱት። ከመቅዳታቸው በፊት ጠብ አድርገው በመዳፋቸው ቀመሱ። ከዚያ አንዱን ሽማግሌ አየት አደረጉና «እርስዎ እንኳ ስኳር አለብዎ፣ ጥቂት ይበቃዎታል» አሏቸው። ነፍሰ ጡር ለነበረችው የወንድማቸው ልጅ ደግሞ «ለአንቺ ብርዝ አለልሽ የኔ ልጅ» ብለው ተመልሰው ወደ ጓሮ ሄዱ። ነገሩ ሁሉ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ፎቶ ያነሣቸውም ሰው የለም።

እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ ልተው። በዚያ ቤት ባር የሚያውቀው ማን ነበር?

አሳላፊ ማለት እኮ ይኸው ነው። በግብርም ሆነ በሠርግ ዳስ ጠጅ አሳላፊ መጀመሪያ በመዳፉ ቀምሶ ነው ለእንግዳ የሚያቀርበው። ነገሩ መጠጡ መርዝ እንደሌለበት ማሳያ ነበር፤ ለመጠጡ ዋስ መሆን ማለት ነው። ዋሱ ደግሞ እንግዳውንም ያያል። ማን ደገመ፣ ማን ቀረበት፣ ማን በቃው የሚለውን በዓይኑ ይቆጥራል። ፈረንጅ ይህንን ሙያ ትምህርት ቤት ከፍቶ ያስተምረዋል። እኛ ከሰርቪስ ቤት እንዳይወጣ አድርገን፣ ለሳሎኑ መብራት ገዛንለት።

መቀላቀሉም ቢሆን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የኮክቴል መጻሕፍት «ከዚህ ሁለት እጅ፣ ከዚያ አንድ እጅ» እያሉ ነው የሚያስተምሩት። ጠጅ የሚጥሉ እናቶችም አንድ እጅ ማር ለሦስት ወይም ለአራት እጅ ውሃ ይላሉ፤ ጌሾው መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ አፍንጫቸው ይነግራቸዋል። አረቄ አውጪዋ ተራውን ከዳግሙ ለይታ ታውቃለች፤ አልኮሉ ወደ 45 በመቶ የሚጠጋውን ዳግም አረቄ በመለኪያ እንጂ በብርሌ ስትቀዳ አይታችሁ አታውቁም።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ስሙ ሲተረጎም «የንብ ጉልበት» የሚሆን የታወቀ ኮክቴል አለ። 60 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 20 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ፣ 20 ሚሊ ሊትር የማር ውሃ በብዙ በረዶ ተመትቶና ተጣርቶ ይቀርባል። ማሩ እንዳለ ከገባ ቅዝቃዜው ያጓጉለዋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ለብ ባለ ውሃ መበረዝ አለበት። አያችሁ? ብርዝ! ዛሬ «ባህላችን ተበረዘ» እያልን ቃሉን ለክስ ብቻ አስቀረነው እንጂ፣ በእናቶቻችን እጅ መበረዝ ሙያ ነው። ለጠጪው የሚሆነውንና ለማይጠጣው የሚሆነውን ከአንዱ ማር የማውጣት ሙያ።

ተርታው ጠጪም ሳይቀላቅል አልኖረም። ጉደሩን በኮካ፣ ቢራውን በስፕራይት፣ ነጩን ወይን በአምቦ ውሃ ሲያደርግ ኖሯል። ቢራ፣ ወይንና ለስላሳ አንድ ጆግ ውስጥ አገናኝቶ «ቱርቦ» ብሎ ስም ያወጣ ከተማ የድብልቅ እጥረት አለበት ብሎ ማን ያማዋል? የጎደለን ልክ ነው።

የልክ ነገር ሲነሣ ደግሞ ቀልዱ ያበቃል። እኛ ዘንድ የጋባዥ ደግነት የሚለካው በአቀዳዱ ነው። እጁን ሰብሰብ ያደረገ ንፉግ ይባላል። ብርጭቆው ጎደል ሲል «በሞቴ!» ይመጣል፤ በሞት ተለምኖ እምቢ የሚል ደግሞ የለም። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 40 በመቶ አልኮል ካለው ውስኪ 60 ሚሊ ሊትር ሲቀዳ ብርጭቆው ውስጥ 24 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ደግሞ 16.5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ያች 60 ሚሊ ሊትር ብቻዋን አንድ ቢራ ተኩል ገደማ ናት ማለት ነው። ደጉ ጋባዣችን በውሃ ብርጭቆ ግማሽ ድረስ፣ 120 ሚሊ ሊትር ቢቀዳ፣ እንግዳው በአንድ ብርጭቆ ወደ ሦስት የሚጠጋ ቢራ ጠጣ። ከዚያ «አንድ ብቻ ነው የቀመስኩት» ይልና የመኪናውን ቁልፍ አንሥቶ ይወጣል። ሰውዬው አልዋሸም። የቆጠረለት ሰው ስለሌለ ነው። ቡና ቤት ቢሆን ቢያንስ ሒሳብ ሲመጣ ይደነግጥ ነበር።

ሌላም አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከለከለ። እኛም «እሰይ፣ ልጆቻችን ዳኑ» አልን። ታዲያ ማስታወቂያው ከቴሌቪዥኑ ወጥቶ የት ገባ? ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ሰማያዊ መብራት በርቶለት ተቀመጠ! ልጁ የቤት ሥራውን የሚሠራው በዚያ ፊት ነው። ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የሚያበራው እሱ፣ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው እሱ፣ «እንዳትነካ!» የሚባለውም እሱ። ሲነካ፣ ሲለካ፣ «በቃ» ሲባል ግን አይቶ አያውቅም። እንዲህ ያደገ ልጅ ሃያ አራት ዓመት ሲሞላው ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ አራት ጠርሙስ ቢገለብጥብን ምን ይደንቃል? እሱን አልከሰውም። ሲታይ እንጂ ሲሠራ ያላየውን ከየት ያምጣው?

ታዲያ ምን ይሁን ትሉኝ ይሆናል። ለቤት ባር እብነ በረድ አያስፈልገውም። አንድ ደህና ጂን፣ የአገራችን ትንንሽ ጭማቂያም ሎሚ፣ ማር፣ ዝንጅብል፣ አምቦ ውሃ፣ ከምግብ ተለይቶ በንጹሕ ውሃ የተሠራ በርከት ያለ በረዶ፣ መስፈሪያና ማጥለያ ካለ ኩሽና ጠረጴዛ ላይም ይሠራል። ለማይጠጣው እንግዳ፣ ለሃይማኖቱም ይሁን ለጤናው፣ ከተለመደው ለስላሳ የተሻለ ነገር በዚያው ክብርና በዚያው ብርጭቆ ይዘጋጅለት፤ ብርዝ በሎሚና በዝንጅብል ማንንም አያሳፍርም። ጠጁም ከፕላስቲክ ጆግ ይውጣና በብርሌ ሆኖ ከመደርደሪያው መካከል ይቀመጥ። እናትየውም ከጓሮ ይምጡና ያንን ልጅ አጠገባቸው አቁመው፣ እንዴት እንደሚቀመስ፣ እንግዳ እንዴት እንደሚታይ፣ «ይበቃዎታል» የሚለው ቃል ሰው ሳያስቀይም እንዴት ከአፍ እንደሚወጣ ያሳዩት።

መስፈሪያዋ ዋጋዋ ከእነዚያ ረጃጅም ወንበሮች ከአንዱ በብዙ ታንሳለች። እናትየው ደግሞ ያለ ዋጋ እቤት ውስጥ አሉ።