የኮሜርስ የማታ ክፍል

ከጌጃ ሰፈር ወደ ሰንጋ ተራ በእግሩ የወጣ ሰው ከባንኮቹ ረጃጅም ሕንጻዎች ብዙም ሳይርቅ ኮሜርስን ያገኛል። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው ይህ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ሲመሠረት በአገሪቱ የነበሩት ባንኮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

እኔ አብልጬ የማደንቀው የማታውን ትምህርት ነው። ቀኑን ሙሉ ብር ስትቆጥር የዋለች ገንዘብ ተቀባይና ሱቁን ዘግቶ የመጣ ነጋዴ ጎን ለጎን ተቀምጠው ደብተር ይገልጣሉ። ድካሙን ችሎ መማር ቀላል ነገር አይደለም።

የአካውንቲንግ መምህር ሰሌዳው ላይ ትልቅ «ቲ» ይሥላል፤ ግራው ዴቢት፣ ቀኙ ክሬዲት። ነጋዴው በዱቤ የገዛው ስኳር በግራ ሲመዘገብ ዕዳው በሌላ ሂሳብ በቀኝ ይመዘገባል። ሁለቱ እኩል ካልመጡ አንድ ቦታ ስሕተት አለ ማለት ነው። ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ ይህን ዘዴ በመጽሐፍ ያሳተመው በ1494 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስካሁን የተሻለ አልተገኘለትም። ኮምፒውተር ድምሩን በቅጽበት ያወጣል፤ ሆኖም የቤት ኪራይ በስሕተት ደመወዝ ተብሎ ቢመዘገብ ሚዛኑ ያው እኩል ነው። ያንን ለይቶ የሚያወጣው የተማረ ዓይን ነው። ለዚህም ነው ኢኮኖሚክስም ሆነ ኮምፒውተር የሚያጠና ተማሪ ይህን ኮርስ እንዳያልፈው የምመኘው።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። አክሲዮን ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ አስቀድማችሁ የሂሳብ መግለጫ ማንበብ ተማሩ።