ሳይተኮስ የተወለወለ ጠመንጃ

በገዛ እጁ የሠራውን የመጀመሪያውን ጠመንጃ ይዞ ወደ ወዳጆቹ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያሳየው የእንጨቱን መልክ ነው፤ ወዳጆቹም የሜፕል እንጨቱን ሞገድ፣ የናሱን ብልጭታና የአፈሙዙን ቡናማ ቀለም ተራ በተራ እየዳሰሱ «እጅህ ይባረክ» ይሉታል፤ ይህም ምስጋና ለድካሙ የሚገባው ቢሆንም ስለ ሥራው ጥራት የሚመሰክረው ነገር ግን እጅግ ጥቂት ነው። የእጅ ጥበብን መርምሮ ፍርድ መስጠት የሚወድ ሰው፣ በአፍአ ባለው ውበት ዓይኑ ከመማረኩ በፊት፣ ሠሪውን አንድ ነገር ሊጠይቀው ይገባል፤ ይኸውም እንጨቱ ዘይት የጠጣው፣ ብረቱም ቀለም የያዘው ጠመንጃው ከመተኮሱ በፊት ነው ወይስ ከተተኮሰ በኋላ የሚለው ነው። በእኔ ፍርድ፣ ሳይተኮስ የተወለወለ ጠመንጃ ምንም ያህል ቢያምር ገና ያላለቀ ሥራ ነው።

ይህን ስል በልቡናዬ ያለው ማናቸውም የጦር መሣሪያ ሳይሆን፣ በአሜሪካ የፔንሲልቫንያ ረጅም ጠመንጃ እየተባለ የሚጠራው፣ በባልጩት እሳት የሚተኮሰውና ባሩዱንም አረሩንም በአፈሙዙ በኩል የሚጎርሰው የዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው። ከጀርመንና ከስዊስ አገር ተሰደው በፔንሲልቫንያ፣ በተለይም በላንካስተር አውራጃ የሰፈሩ አንጥረኞች፣ ከአገራቸው ይዘውት የመጡትን አጭርና አፈ ሰፊ የአዳኝ ጠመንጃ ቀስ በቀስ እየለወጡ አፈሙዙን ከ1 ሜትር በላይ አስረዘሙት፤ የቀዳዳውንም ስፋት አጠበቡት፤ በዚህም በጥቂት ባሩድና በጥቂት እርሳስ ሩቅ ያለውን ዒላማ አነጣጥሮ የሚመታ መሣሪያ አስገኙ። በጀርመን አገር ተወልዶ በላንካስተር የሠራው ጄኮብ ዲከርት ከእነዚህ ሠሪዎች ስሙ ገንኖ የሚጠራው ነው። ጥበቡ በኋላ ዘመን በፋብሪካ ሥራ ተውጦ ሊጠፋ ከተቃረበ በኋላ፣ በአፈሙዝ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች ወዳጆች እ.ኤ.አ. በ1933 ብሔራዊ ማኅበር አቋቁመው፣ ፍሬንድሺፕ በምትባል የኢንዲያና መንደር የተኩስ ውድድር እያደረጉ አቆዩት፤ በቨርጂኒያም በዊልያምስበርግ ዋላስ ገስለር የተባለው ባለሙያ ከጥሬ ብረትና ከእንጨት ተነሥቶ በጥንቱ ሥርዓት ሙሉ ጠመንጃ ሲሠራ የሚያሳየው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1969 ወጥቶ የብዙ ወጣቶችን ልብ ወደዚህ ሥራ መለሰ። ዛሬ በቤቱ የሚሠራ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ አፈሙዙንና የእሳት መምቻውን ከባለሙያ ይገዛና፣ እንጨቱን መጥረብ፣ ብረቱን ከእንጨቱ ማዋሐድና ሁሉንም አስተካክሎ መጨረስ የራሱ ድርሻ ይሆናል፤ ስለዚህ የእርሱን እጅ የሚመዝን ሰው በዚሁ በእርሱ ድርሻ ላይ ዓይኑን ያሳርፍ።

ከሁሉ በላይ ብዙ የሚናገረው ብረትና እንጨት የሚገናኙበት ጠርዝ ነው። በደኅና እጅ የተሠራ ጠመንጃ ላይ የመምቻው ብረት ከእንጨቱ ውስጥ የበቀለ ይመስላል እንጂ ተፈልፍሎ የገባ አይመስልም፤ በዙሪያው ጥፍር የሚገባበት ክፍተት ቀርቶ ጥቁር መስመር እንኳ ሊታይ አይገባም። ወደዚህ የሚደረሰው አንድም ቀን በማይቸኩል ትዕግሥት ነው፤ ሠሪው ብረቱን በጥላሸት አጥቁሮ ወደ ተፈለፈለው ቦታ ያስገባዋል፤ መልሶ ሲያወጣው እንጨቱ ብረቱን የነካበት ነጥብ ሁሉ ጠቁሮ ይገኛል፤ የጠቆረውን ብቻ በስለታም መሮ እንደ ወረቀት እያሳሳ ይልጠውና ብረቱን እንደ ገና ያጠቁረዋል፤ እንደ ገናም ያስገባዋል፤ በመጨረሻም የቦታው ወለል ሁሉ በእኩልነት ሲጠቁር ብረቱ በሁለንተናው መደገፉን ያውቃል። ይህ መደገፍ ለዓይን ብቻ የተፈለገ አይደለም። ጠመንጃው በተተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላ የሚገፋው ኀይል በአንዲት ከፍ ባለች ነጥብ ላይ ካረፈ እንጨቱን ከዚያች ነጥብ ጀምሮ ይሰነጥቀዋል፤ በክፍተቱም የባሩድ ዝቃጭና ዘይት እየገባ እንጨቱን ያበሰብሰዋል።

ስለዚህ መርማሪው ከሠሪው ፈቃድ ጠይቆ መምቻውን ይፍታና ውስጡን ይመልከት። በዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ፍርዱን ያዛባል፤ የመሮ ምልክት ባየ ጊዜ «ይህ የችኮላ ሥራ ነው» ይላል፤ የጥንቶቹ ሊቃውንት ግን ዓይን በማያርፍበት ውስጠኛ ቦታ የመሮአቸውን ፋና ሳያፍሩ ትተውታል። ሕፀፁ ምልክቱ ሳይሆን ልቅነቱ ነው፤ ከልቅነትም የሚብሰው ሠሪው ክፍተቱን በሙጫና በእንጨት ብናኝ ሞልቶ ሲሰውረው ነው፤ ይህንንም የሚያጋልጠው እንጨቱ ዘይት ሲጠጣ ሙጫው ሳይጠጣ ስለሚቀር በጠርዙ ላይ የሚቀረው የገረጣ ክር ነው።

የጀማሪ እጅ በሌላም ነገር ይታወቃል፤ ይኸውም በውፍረት ነው። እንጨት አንዴ ከተቆረጠ ስለማይመለስ ጀማሪ ይፈራል፤ ፈርቶም በአፈሙዙ ግራና ቀኝ፣ በመምቻው ዙሪያና በእጅ መጨበጫው ላይ ትርፍ ሥጋ ይተዋል። የፔንሲልቫንያ ሊቃውንት ግን እንጨቱን በአፈሙዙ ጎን እጅግ አሳስተውት ስለ ነበር ያ ሁሉ ርዝመት በእጅ ሲያዝ ቀላልና ቀጭን ሆኖ ይሰማል። ጠመንጃውን አንሥቶ ወደ ትከሻ ማድረግ ይህን ፍርድ ከዓይን ይልቅ ፈጥኖ ይሰጣል፤ አንገት ሳይጎብጥ ጉንጭ በሰደፉ ላይ ካረፈና ዓይን ራሱ ማነጣጠሪያውን ካገኘው ልኩ ተገኝቷል።

አሁን ወደ ተኩሱ እንምጣ፤ ሥራው እዚህ ላይ ገና ጥሬ እንጨትና ነጭ ብረት ሆኖ ሊቀርብ ይገባል። ይህ ሥርዓት የእኔ ፈጠራ አይደለም። የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1637 ከንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ የማኅበርነት ሥልጣን ካገኘ ወዲህ፣ የበርሚንግሃምም የፈተና ቤት እ.ኤ.አ. በ1813 በፓርላማ ሕግ ከተቋቋመ ወዲህ፣ አፈሙዝ ከዘወትሩ በሚበልጥ ባሩድ እየተፈተነ ያለፈው ማኅተም ይመታበታል፤ ይህም ፈተና አፈሙዙ ገና ሳይጨረስ ለጊዜው፣ መሣሪያው ከተገጣጠመ በኋላም ለመጨረሻ ጊዜ የሚደረግበት ልማድ አለ፤ ምክንያቱም ነገ ለሚጣል ብረት ዛሬ ድካም ማፍሰስ ከንቱ ስለ ሆነ ነው። በአሜሪካ ግን መንግሥት ያቆመው እንዲህ ያለ የፈተና ቤት የለምና፣ በቤቱ የሚሠራ ሰው ለራሱ ሥራ ፈታኝም ምስክርም መሆን ይኖርበታል።

ደኅና ሠሪ የመጀመሪያውን ተኩስ በትከሻው ላይ አይተኩስም። ጠመንጃውን ከከባድ ነገር ጋር አስሮ፣ በረጅም ገመድ ምላጩን ከከለላ ኋላ ሆኖ ይስባል፤ ባሩዱም ጥቁር ባሩድ ብቻ ነው፤ ጭስ አልባው ባሩድ በእንዲህ ያለ አፈሙዝ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ብረቱን ቀድዶ ሰው ይገድላል። ከተኩሱ በፊት አፈሙዙንና ከኋላ የሚደፍነውን ብሎን አቋርጣ የምታልፍ ቀጭን መስመር ይጭርበታል፤ የአፈሙዙንም የኋላ ውፍረት በካሊፐር ይለካል። ከተኩሱ በኋላ የመስመሪቱ ሁለት ወገን ካልተገናኘ ብሎኑ ተንቀሳቅሷል፤ ውፍረቱም ከተለወጠ አፈሙዙ ምሕረት ሳይደረግለት ይጣላል። መርማሪው ይህቺን መስመር ይፈልግ፤ ባያገኛትም ሠሪው እንዴት እንደ ፈተነው ያስረዳው።

ቀጥሎ የሚፈርደው ጆሮ ነው። መጥፎ ጠመንጃ ምላጩ ሲሳብ «ቀጭ» ይላል፣ በትንሿ የባሩድ ሳህን ላይ «ፍሽ» ይላል፣ ከዚያም ዘግይቶ «ድው» ይላል፤ ተኳሹም በዚያች መዘግየት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ደኅናው ግን ሦስቱን ድምፅ አንድ አድርጎ ያሰማል። የመዘግየቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ ከሁለት ቦታ አይወጣም። አንደኛው ባልጩቱ የሚፋጭበት ብረት ሲሆን፣ ይህ ብረት በእሳት በሚገባ ካልጠነከረ ባልጩቱ ይቦረቡረዋል እንጂ ፍንጣሪ አያወጣበትም፤ በጥላ ቦታ ሆነው ባሩድ በሌለበት ቢሞክሩት ነጭ ፍንጣሪ ወደ ሳህኑ መካከል ሲዘንብ ሊታይ ይገባል። ሁለተኛው እሳቱ ወደ ውስጥ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው፤ ስፋቱ ከ2 ሚሊሜትር የማይደርስ ይህ ቀዳዳ ከሳህኑ ወለል በታች ከወረደ በባሩዱ ስለሚደፈን እሳቱ እንደ ክር እየነደደ ይዘገያል፤ ከሳህኑ አፍ ጋር ትክክል ቢሆን ግን ብልጭታው ራሱ ያልፋል።

ከዚህ በኋላ ዒላማ ይተከላል፤ በመጀመሪያ በ25 ያርድ፣ ከዚያም በ50 ያርድ፣ ማለት በ46 ሜትር ገደማ። ጀማሪ አንዲት ጥይት መካከሉን በመታች ጊዜ ደስ ይለዋል፤ አዋቂ ግን አምስቱ የት እንዳረፉ ይጠይቃል፤ ከመካከል ርቀው አንድ ላይ የተሰበሰቡ አምስት ቀዳዳዎች፣ አንዱ መካከል ገብቶ አራቱ ከተበተኑት እጅግ ይሻላሉ፤ የተሰበሰበውን በማነጣጠሪያው ወደ መካከል መምራት ይቻላልና። ብልህ ሠሪ የፊቱን ማነጣጠሪያ አስቀድሞ ሆን ብሎ ከፍ አድርጎ ይተወዋል፤ ከፍ ባለ ጊዜ ጥይቱ ዝቅ ብሎ ይመታል፤ ከዚያ በሞረድ ጥቂት ጥቂት እየቀነሰ ወደሚፈልገው ከፍታ ያወጣዋል። አስቀድሞ ዝቅ አድርጎ የሠራው ግን የተሞረደውን መመለስ ስለማይችል ሌላ ለመሥራት ይገደዳል። ያለቀ ጠመንጃ ላይ የፊቱ ማነጣጠሪያ የሞረድ ፋና ቢኖርበት እኔ እንደ ነውር አልቆጥረውም፤ ጠመንጃው በዒላማ ፊት የመቆሙ ምስክር ነው።

አረሩ ተጠቅልሎ የሚገባባት በቅባት የራሰች ቁራጭ ጨርቅም ከተኩሱ በኋላ ከመሬት ተለቅማ ትነበብ። በመካከሏ ክብ ጥቁረት፣ በዙሪያዋም በአፈሙዙ ውስጥ የተቀረጹት ጠመዝማዛ ቦዮች ፋና በእኩል ርቀት ከታየባት አፈሙዙ ንጹሕ ነው፤ ተቀድዳ ከተገኘች ግን ወይ የአፈሙዙ ጫፍ ወይ የቦዮቹ ጠርዝ ገና ስለታም ነው ማለት ነው፤ ይህም ሳይስተካከል ወደ ማስዋብ መሄድ አይገባም።

እንግዲህ ማስዋቡ የሚጀመረው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። የእንጨቱን ገጽ በስለት መፋቂያ የጨረሰ ሰው ጠርዞቹ ጥርት ብለው ይቀሩለታል፤ በብርጭቆ ወረቀት ብቻ ያሸ ሰው ግን መስመሩን ሁሉ አለዝቦ ያጠፋዋል፤ በመምቻው ዙሪያ ያለውን ጠርዝ በጣት ጫፍ መዳሰስ ይህን ለመለየት ይበቃል። ለቀለም ብረት የሟሟበት ናይትሪክ አሲድ ተቀብቶ፣ እንጨቱ እሳት በቀረበው ጊዜ ወደ ቀይ ቡናማነት ይለወጣል፤ በትክክል የተሠራው ወደ ፀሐይ ወጥቶ ሲዘዋወር ሞገዱ ከቦታ ወደ ቦታ የሚንቀሳቀስ ይመስላል፤ አሲዱ በሚገባ ያልታጠበለት ግን ውሎ አድሮ እየጠቆረ ይሄዳል። የተልባ ዘይቱም እንጨቱ ውስጥ መግባት አለበት እንጂ እላዩ ላይ መቆም የለበትም። የአፈሙዙ ቡናማነት በልክ የተመራ ዝገት ነው፤ ስለዚህ በፈላ ውሃ ታጥቦና ዘይት ተቀብቶ መቆሙ ይመርመር፤ በነጭ ጨርቅ ሲጠረግ ቀይ ዱቄት ከለቀቀ ብረቱን መብላቱን አልተወም።

በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ የምትኖሩ አንባቢዎች ዊልያምስበርግ በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ነውና የጠመንጃ ሠሪዎቹን ቤት ሄዳችሁ እንድታዩ እመክራችኋለሁ፤ በፔንሲልቫንያም በናዝሬት ከተማ አቅራቢያ የረጅም ጠመንጃ ሙዚየም አለ። ሠሪዎች ሥራቸውን በእጅ በሚያስዳስሱበት ጉባኤ ላይ ጠመንጃ የተሰጣችሁ እንደ ሆነ ግን፣ ስለ ውበቱ አንድ ቃል ከመናገራችሁ በፊት፣ መጠቅጠቂያውን ዘንግ እስከ መጨረሻው አስገብታችሁ በአፈሙዙ ጫፍ ላይ በጣታችሁ ምልክት ያዙ፤ አውጥታችሁም በውጭ በኩል ከአፈሙዙ ጋር አስተያዩት፤ ዘንጉ እስከ እሳቱ ቀዳዳ ካልደረሰ ጠመንጃው ጎርሷልና ወደ ማንም ሳታዞሩ ለባለቤቱ መልሱለት።