«እርግጠኛ ነዎት?» በሚለው ጥያቄ ላይ የቀረበ ሒስ

በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። አንድ ጽሑፍ ለመሰረዝ ወይም ገንዘብ ለመላክ ቁልፉን በነካ ጊዜ ትንሽ መስኮት ብቅ ትልና «እርግጠኛ ነዎት?» ብላ ትጠይቀዋለች፤ ከሥሯም «አዎን» እና «አይ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ይታያሉ። ሰውየውም «አዎን» ይላል። የሰረዘው ሌላ ጽሑፍ መሆኑን የሚያውቀው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህች ጥያቄ የተሰጣትን የጠባቂነት ሥራ በውነት ትፈጽም እንደ ሆነ መመርመር ነው። የሶፍትዌር ሠሪዎች እንደ ጋሻ አድርገው ያቀርቧታል፤ እኛም ተማሪዎች ፕሮግራም መጻፍ ስንጀምር ፈጥና የምትታወሰን ጥበቃ እርሷ ናት። እኔ ግን እንደሚመስለኝ ጥፋትን ከምትከለክልበት ጊዜ ይልቅ ኃላፊነትን ከሠሪው ትከሻ ወደ ተጠቃሚው ትከሻ የምታሸጋግርበት ጊዜ ይበዛል። ይህንንም ለማስረዳት በይፋ የተመረመሩ ሁለት ነገሮችን አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው በሐዋይ የደረሰው ነው። ጃንዋሪ 13 ቀን 2018 ጧት በዚያች የአሜሪካ ግዛት የሚኖሩ ሰዎች ባለስቲክ ሚሳይል እየመጣባቸው መሆኑን፣ ፈጥነው መጠለያ እንዲይዙ፣ ነገሩም ልምምድ አለመሆኑን የሚገልጽ መልእክት በስልካቸው ደረሳቸው። የሚመጣ ሚሳይል ግን አልነበረም። በአደጋ መከላከያው መሥሪያ ቤት ልምምድ ይደረግ ነበር፤ ለልምምዱ የተሰማው የድምፅ መልእክት በመጀመሪያውና በመጨረሻው «ልምምድ» ቢልም በመካከሉ «ይህ ልምምድ አይደለም» የሚል ቃል ነበረበት። ተረኛው ሠራተኛ አደጋው እውነት መስሎት እንደ ነበረ ተናግሯል። ማስጠንቀቂያውን ሊልክ ሲል ሶፍትዌሩ ለመላክ እርግጠኛ መሆኑን ጠየቀው፤ እርሱም «አዎን» አለ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ሰውየው የተሳሳተ ቢሆንም እርግጠኛ ነበረ፤ ስለዚህ የሰጠው መልስ እውነተኛ ነው። ጥያቄዋ ልትረዳው ያልቻለችው የልቡን ሁኔታ ስለ ጠየቀችው እንጂ በውጭ ያለውን ነገር ስላላሳየችው ነው። ከዚህም በላይ የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ባደረገው ምርመራ እንደ ታወቀው የጥያቄዋ ቃል ለሙከራም ሆነ ለእውነተኛው ማስጠንቀቂያ አንድ ዓይነት ነበር። ከሁሉ የሚብሰው ግን የሐሰት ማስጠንቀቂያን ለማረም አስቀድሞ የተዘጋጀ መልእክት አለመኖሩ ነው። ማረሚያው ለሕዝቡ የደረሰው ከ38 ደቂቃ በኋላ ነበር። ለመሄጃው በር ተሠርቶለት ለመመለሻው አልታሰበም ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር በባንክ የሆነ ነው። ኦገስት 11 ቀን 2020 ሲቲባንክ ሬቭሎን ለተባለው የመዋቢያ ዕቃዎች ኩባንያ ላበደሩ ሰዎች ወደ 7.8 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ወለድ ሊከፍል አስቦ፣ ከዚሁ ጋር ጊዜው ገና ያልደረሰውን ዋና ብድር ወደ 894 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ከፈለ። ፍሌክስኪውብ በተባለው ሶፍትዌር ላይ ዋናው ብድር ከባንኩ ሳይወጣ ወደ ውስጥ ሒሳብ እንዲዞር ለማድረግ በሦስት ቦታ ምልክት ማድረግ ያስፈልግ ነበር፤ ስማቸውም «ፍሮንት»፣ «ፈንድ» እና «ፕሪንሲፓል» ይባላል። ሠራተኞቹ ምልክት ያደረጉት ዋና ብድር የሚል ትርጉም ባለው በ«ፕሪንሲፓል» ላይ ብቻ ነው። ስሙን ያነበበ ሰው ይህ ይበቃል ብሎ ቢያስብ የሚያስገርም አይደለም።

በዚያ ባንክ ደንብ መሠረት እንዲህ ያለው ክፍያ በሦስት ሰዎች እጅ ያልፋል፤ አንዱ ይሞላል፣ ሁለተኛው ይመረምራል፣ ሦስተኛው ያጸድቃል። ሦስቱም ስሕተቱን አላዩትም። ሶፍትዌሩ ገንዘብ ከባንኩ ውጭ ሊላክ መሆኑን ገልጾ ይቀጥል እንደ ሆነ ጠይቋል፤ ዳሩ ግን የሚላከው ስንት እንደ ሆነ አልተናገረም። ወለዱ መውጣት ስላለበት ከጥያቄው በፊትም ቢሆን ገንዘብ እንደሚወጣ ያውቁ ነበር። እንግዲህ ያ ማስጠንቀቂያ ምን አዲስ ነገር ነገራቸው? ተቀባዮቹ ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚሆነውን አንመልስም ስላሉ ነገሩ ለፍርድ ቤት ቀረበ፤ በ2021 ባንኩ ተረታ፤ ፍርዱ በይግባኝ የተሻረለት በሴፕቴምበር 2022 ነው። በአንዲት መስኮት ላይ ያልተጻፈ አንድ ቁጥር የሁለት ዓመት ሙግት አስከተለ።

ከእነዚህ ሁለት ነገሮች የምንረዳው የጥያቄዋን ሁለት ጉድለት ነው። አንደኛ፣ ስለ ነገሩ ሳትናገር ስለ ሰውየው ትጠይቃለች። ሁለተኛ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ናት። በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ «ሌባ ነህን?» እያለ የሚጠይቅ፣ «አይደለሁም» ያለውንም ሁሉ የሚያሳልፍ ዘበኛ ቢኖር ዘበኛ እንለዋለንን?

የማኪንቶሽን ሥራ በ1979 በአፕል ኩባንያ የጀመረው ጄፍ ራስኪን «ዘ ሂውሜን ኢንተርፌስ» በተባለው በ2000 በታተመው መጽሐፉ ይህን ነገር ከልማድ ጋር አያይዞ ተመልክቶታል። ሰው አንድን ሥራ ሲደጋግመው እጁ ሳያስብ ይሠራዋል፤ ስለዚህ «ሰርዝ» ማለትና «አዎን» ማለት ሁለት ሥራ መሆናቸው ይቀርና አንድ እንቅስቃሴ ይሆናሉ። ይህ ትክክል ይመስለኛል። የሐዋይን ነገር ግን ልማድ ብቻውን አይገልጸውም፤ ቆም ብሎ ያሰበ ሰውም በተሳሳተ ነገር ሊያምን ይችላልና። ስለዚህ የራስኪንን ሐሳብ አንድ እርምጃ መግፋት ያስፈልጋል።

አንዳንድ ሰዎች «ተጠቃሚው ራሱ ቢጠነቀቅ ይህ ሁሉ አያስፈልግም» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ሠራተኛ ፈጣን የሚሆነው በልማድ ነው። በቀን መቶ ጊዜ የሚሠራውን ሥራ ሁልጊዜ እንደ መጀመሪያው ቀን እየፈራ ይሥራ ማለት ጥበቡን ጣል ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የተሻለው መንገድ መመለሻ መሥራት ነው። ይህ ኮምፒዩተር ያመጣው አዲስ ነገር አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችን የተሳሳተውን ቃል በስለት ፍቀው በቦታው ትክክለኛውን ይጽፉ ነበር፤ ጸሐፊው ፊደል በጣለ ቁጥር «እርግጠኛ ነህን?» የሚለው አላስፈለገውም። አፕል በ1983 ባወጣው ሊዛ በተባለው ኮምፒዩተር ላይ የተጣለ ጽሑፍ የሚቆይበት ቅርጫት ይገኝ ነበር። ጂሜይልም በ2009 ለሙከራ፣ በ2015 ለሁሉም ባቀረበው መንገድ የተላከውን ደብዳቤ እስከ 30 ሴኮንድ ድረስ ይዞ ያቆያል፤ ሰውየው ስሕተቱን የሚያየው ብዙ ጊዜ ከላከ በኋላ ወዲያው ስለ ሆነ ይህች አጭር ጊዜ ከብዙ ጥያቄ ትበልጣለች።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም፤ ይኸውም ሊመለስ የሚችል ነገር በውነት አልተሰረዘም የሚለው ነው። የግል ደብዳቤውን ወይም ፎቶግራፉን ለማጥፋት የፈለገ ሰው በሥውር ተቀምጦ ቢያገኘው መታለሉ ነው። ይህ እውነት ነው። ስለዚህ የተጣለው ነገር ስንት ቀን እንደሚቆይ ለባለቤቱ ሊነገረው፣ ፈጽሞ ማጥፋትም ከተራው መሰረዝ የተለየ ሥራ ሆኖ በባለቤቱ ፈቃድ ሊደረግ ይገባል።

መመለስ ጨርሶ በማይቻልበት ቦታ ጥያቄ መጠየቁ የግድ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን «እርግጠኛ ነዎት?» አይበል። «894 ሚሊዮን ዶላር ከባንኩ ሊወጣ ነው» ይበል፤ «ይህ ልምምድ ሳይሆን ለግዛቱ ሕዝብ ሁሉ የሚደርስ ነው» ይበል። ሐዋይ ከዚያ በኋላ መልእክት በሁለት ሰው እንዲላክና በፍጥነት መሰረዣ ትእዛዝ እንዲኖር አድርጋለች። ከሁለቱ ዋናው ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ያንኑ ጉዳዩን የማይገልጽ መስኮት የሚያዩ ሰዎች ቢበዙ ምን እንደሚጠቅም የባንኩ ሦስት ሠራተኞች አሳይተውናልና።

ሶፍትዌር የምንጽፍ ተማሪዎች ጥያቄዋን ለማስገባት አንድ መስመር ይበቃናል፤ መመለሻ መሥራት ግን ቀናት ይፈጃል። ጥያቄዋም የተወደደችው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ነገር ግን የቆጠብነውን ድካም የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው፤ «አዎን ያልኸው አንተ ነህ» ተብሎም የሚወቀሰው እርሱ ነው። ስለዚህ «እርግጠኛ ነዎት?» ብለን ተጠቃሚውን ከመጠየቃችን በፊት «ቢሳሳት በምን ይመለሳል?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።