አህያዋ መሬት ላይ ትቁም

ለአደባባይ የሚሆን የአህያ ሐውልት ያቀደ ወጣት ቀራፂ ናሙናውን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ መቆሚያው ስንት ሜትር ይሁን?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። የሙያ ባልደረቦቼ በዚህ አቋሜ ሲሟገቱኝ ኖረዋል፤ ከፍ ያላለ ሐውልት አይከበርም ይላሉ። እኔ ግን የእንስሳ ሐውልት ከሰኮናው በታች ካለው መሬት ነው የሚጀመረው ባይ ነኝ።

አዲስ አበባን እንይ። በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ የተመረቀው ፈረስ ምኒልክን ተሸክሟል። የለገሃሩ የዦርዥ ጋርዴ አንበሳ ዘውድ ደፍቷል፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ሮም ወስዶት የነበረውም ለዘውዱ ብሎ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ያለው የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ለንጉሠ ነገሥቱ ኢዮቤልዩ ቆመ፤ ካልካ ጋማውን በጥርብ መስመር የገራበት መንገድ ዛሬም ያስቀናኛል። ሦስቱም የዙፋን እንስሳት ናቸውና ከፍታው ይገባቸዋል።

ለንደን ትራፋልጋር አደባባይም ለንጉሥ ፈረስ ታስቦ የተሠራ፣ ገንዘብ በማጠሩ ከ150 ዓመት በላይ ባዶውን የቆየ መቆሚያ አለ። ሃንስ ሃከ ለዚያ ያቀረበው ንድፍ ጋላቢ የሌለው የፈረስ አፅም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ቆመ። የፊት እግሩ ላይ የአክሲዮን ገበያ ዋጋ የሚያሳይ የኤሌክትሮኒክስ ሪባን ታስሮበት ነበር። ሃከ የሚናገረው ስለ ሥልጣንና ስለ ገንዘብ ስለሆነ መቆሚያው የሥራው አካል ሆነ። የአህያ ጉዳይ ሌላ ነው።

መሬት ላይ ስትቆም ልጆች ይወጡባታል። ይውጡ! እግሯ ቀጭን ነውና የማይዝግ ብረት በነሐሱ ውስጥ በአራቱም እግሮች ወርዶ ከምድር በታች ካለው ኮንክሪት ጋር ይታሰር። የጆሮዋ ጫፍ ይደፈን፤ ውሃ እንዳይቋጥር ሆዷ ሥር ቀዳዳ ይተው። የሰው እጅ ጀርባዋ ላይ የሚያወጣውን ወርቃማ ቀለም የትኛውም አሲድ አያወጣውም። ናሙናውም ለዳኞች ሲቀርብ በዚያው ልክ የተሠራ ሰው አጠገቧ ይቁም፤ ያለዚያ ቁመቷን አያዩትም።

አባቴ እህል በረንዳ በአህያ ጭነት ያመላልስ ነበር። እሱን ስጠብቅ፣ ጆንያ የተራገፈላቸውን አህዮች በከሰል ካርቶን ላይ እየጫርኩ ነው መሳል የተማርኩት። ዓይናቸው ከዓይኔ ትይዩ ነበር። በኋላ የታላላቅ ሰዎችን ሐውልት ሠራሁ፤ ሁሉንም አንጋጥጦ ነው የሚያያቸው ሰው። እንጀራ የሰጡኝ እነሱ ናቸው፤ ዓይን የሰጡኝ ግን አህዮቹ ናቸው። ይህችን ከተማ በጀርባው ለመገበ እንስሳ የክብር ቦታው የደከመበት መሬት ነው። ከዚያ ከፍ ያደረግነው ዕለት ለእኛ ጌጥ ይሆናል እንጂ እሱን አላከበርነውም።