ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚቀረው ማን ነው?

በካኩማ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ስለሚሰጠው ማጠናከሪያ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው የተመዘገቡትን ተማሪዎች ብዛት ነው። ቁጥሩ አይጠላም። እኛ መምህራን ግን ሌላም እንጠይቃለን፦ የማይመጣው ማን ነው? የመጣውስ ምን ይዞ ይመለሳል?

ጥሩ ለሠራ ጥሩ ማለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2013 በካኩማና በዳዳብ የተጀመረው የኬንያ የትምህርት እኩልነት ፕሮጀክት ለሴት ተማሪዎች ቅዳሜና በትምህርት ቤት እረፍት ጊዜ ማጠናከሪያ አዘጋጅቶ ነበር። ሰዓቱን ማሰቡ ብቻ ትልቅ ነገር ነው። በሥራ ቀን ከክፍል የወጣች ልጅ መጀመሪያ ውሃ ትቀዳለች፣ ከዚያ እሳት ታነዳለች፣ ከዚያ ታናናሾቿን ትይዛለች። አሥር ሰዓት ላይ ክፍል ከፍቶ «ሴቶቹ ለምን ይቀራሉ?» ማለት ምን ዋጋ አለው?

ሆኖም ያ ማጠናከሪያ በመጀመሪያ ደረጃ ያተኮረው 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ነበር። ስንቷ ልጅ እዚያ ሳትደርስ ታቋርጣለች! 4ኛ ክፍል ማንበብ ያቃታትን ልጅ 7ኛ ክፍል ላይ ብንጠብቃት አናገኛትም።

ሁለተኛው ነገር ጥራት ነው። ጠዋት ከመቶ በላይ ሆነው ያልገባቸውን ትምህርት ከሰዓት በኋላ ከዚያው ሰሌዳ እንደገና ማስገልበጥ ማጠናከር አይባልም። የኬንያ የ8ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ ሥርዓተ ትምህርቱም ተቀይሯል። የድሮ ጥያቄ ማሸምደዱ ግን አልቀረም። ከአገር ቤት በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ተምሮ የመጣ ልጅ ብዙውን ጊዜ ሒሳቡን ያውቀዋል፤ የሚይዘው የጥያቄው እንግሊዝኛ ነው። እሱን የሚጠቅመው ሳይፈራ አፉን የሚፈታበት ትንሽ ቡድን እንጂ ሌላ የመቶ ሰው ክፍል አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ማጠናከሪያው ከ3ኛ ክፍል ይጀመር። ሰዓቱ ከእናቶች ጋር ተመክሮ ይወሰን። ቡድኑ ከሃያ አይብለጥ። ኳሱም፣ ሥዕሉም፣ ድራማውም እንደ ትምህርት ይቆጠር። ለተጨማሪው ሰዓት ለመምህሩም ተጨማሪ ኢንሴንቲቭ ይታሰብ፤ በባዶ ሆድ ሁለት ፈረቃ ማስተማር አይዘልቅም። ሪፖርት ሲጻፍም ከመጡት ጎን የቀሩት ይጻፉ፣ የቀሩበትም ምክንያት ይጻፍ እንላለን።